የአዋላጇ የእንግሊዝኛ ፈተና

አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ የት እንደተማራችሁ፣ ስንተኛ ክፍል ላይ አስተማሪያችሁ እንደሰለቸ፣ ቤታችሁ ውስጥ በምን ቋንቋ እንደምትጣሉ እነግራችኋለሁ። ጉራ አይደለም። መቀሌ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ የሰዉን ስህተት እንደ ጎረቤቶቼ ልጆች በመልኩ ነው የምለየው። ከየትኛው ቤት እንደወጣ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

«ዲስከስ አባውት» የሚል ሰው «ስለ» የምትለዋን ከቤቱ ይዟት ነው የመጣው። በእኛ ዘንድ ሰው ስለ ነገሩ ይወያያል እንጂ ነገሩን አይወያየውም፤ እንግሊዝኛው ግን ነገሩን ራሱን ይወያየዋል፣ ምን ይደረግ። «ቴን ስቱደንት» ብሎ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» የሚውጠው ደግሞ፣ አስር ብዬ ከቆጠርኩ ብዙ መሆኑን ለምን እንደገና አወራለሁ ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ያስኬዳል፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ግን አያሳልፈውም። ፀሐይን «ሺ» የሚል ተማሪ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ የፀሐይን ሴትነት ከእናቱ አፍ የሰማ ልጅ ነው። «ዘ» የምትባለዋን ቃል እንደ ጨው በየቦታው የሚበትን አለ፣ ጨርሶ የሚነፍግም አለ። ከሁሉም የሚያስቸግራቸው ድሮ ተጀምሮ አሁንም ያላለቀ ነገር የሚነገርበት ግስ ነው። መቀሌ ላይ ተጀምሮ ያላለቀ ነገር ሞልቶ ሳለ ይህ ለምን እንደሚከብዳቸው እስካሁን አይገባኝም።

እኔ ራሴ መጤ ነኝ። በወጣትነቴ ከሸዋ ተነሥቼ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ላስተምር መጣሁ፣ የዚህችን ከተማ ልጅ አገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ትግርኛዬ ገበያ ያስገበየኛል፣ ለቅሶም ያደርሰኛል፤ «ሓ»ን ስጠራ ግን ባለቤቴ ዛሬም ትስቅብኛለች። ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቅኩ በኋላ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት ጀርባ፣ አስራ አራት ወንበር የምትይዝ ክፍል ተከራየሁ። በአንድ በኩል የፎቶኮፒው ማሽን ያጉረመርማል፤ በሌላው በኩል የካፌው የማኪያቶ ማሽን ይጮኻል። ተማሪዎቼ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ትምህርታቸው መሃል ላይ ተቋርጦባቸው እንደገና የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ከሌላ ክልል የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም አይጠፉም፤ እነሱ ሲሰባሰቡ አማርኛው ይበዛል፣ የአገሩ ልጆች ሲያመዝኑ ትግርኛው። በእንግሊዝኛ የሚያወሩት እኔ ስቆጣ ብቻ ነው።

እቆጣለሁ፤ አልክድም። ስህተቱን በቀይ አሰምራለሁ፣ ሰውዬውን በቀልድ ወጋ አደርጋለሁ፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ያ ስህተት ዳግመኛ አይመጣም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ራስ ሲመለጥ በደንብ ነው ያወቅኩት፤ ከሰው አፍ የሚያመልጠውንም ቢሆን አንዲት አታልፈኝም እል ነበር። በዚህ ዓይነት ኩራት ላይ እያለሁ ነው አዋላጇ የመጣችው።

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በዓይናለም በኩል ካለ ጤና ጣቢያ ሥራዋን ጨርሳ፣ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የገባችው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር፤ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ።

«መምህር፣ እንግሊዝኛ መማር አይደለም የምፈልገው» አለችኝ ገና ከመቀመጧ። «ማለፍ ነው የምፈልገው።»

ደስ አለችኝ። ስንቱ ነው እየመጣ «ቋንቋዬን ለማሻሻል» የሚለኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚጠፋብኝ።

የምታልፈውን ነገር እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ለጤና ጣቢያቸው አልትራሳውንድ ተሰጥቷል። አዲስ ነው፣ ይሠራል፤ የሚያነበው የሰለጠነ ሰው ስለሌለ ግን አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ስልጠናውን በኢንተርኔት የሚሰጡ የውጭ ባለሙያዎች አሉ፤ ስድስት ወር ነው፣ ሲያልቅ ሆስፒታል ወርዶ መለማመድ አለ። ለመግባት ግን በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከጤና ጣቢያው ፈቃደኛ የሆነችው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ቋንቋውን ፈርተው ተዉት።

«አንቺስ አልፈራሽም?»

«እፈራለሁ እንጂ።» ከዚያ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «አንዲት እናት ነበረች። ልጁ ተገልብጦ እንደነበር ያወቅኩት እጄ ሲነካው ነው። ቀደም ብዬ ባየው ኖሮ በጊዜ ሪፈር እላት ነበር። በባጃጅ ነው የላክናት፣ በዚያ መንገድ።» እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበቻቸው። «እናቲቱ ተርፋለች።»

ስለ ልጁ አልጠየቅኋትም።

በሁለት ወር ውስጥ እንደ እሷ የሠራ ተማሪ አላውቅም። ደብተሯን በላስቲክ ሸፍና ነው የምትይዘው፤ ውሃ በሌለበት ቀን በጀሪካን ስትቀዳም፣ ሮማናት አደባባይ ታክሲ ስትጠብቅም እያወጣች ታነብ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ፊፍቲን ማዘር» ነበር የምትለው፤ «አስራ አምስት እናት አዋለድኩ» ለማለት። «እነዚህ አስራ አምስት ሴቶች ተጠቅልለው አንድ እናት ሆኑ ወይ?» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁባት። አብራ ሳቀች፣ ሁለተኛ አላለችውም። ያ ያላለቀ ነገር የሚነገርበት ግስ ደግሞ ገና በሦስተኛው ሳምንት ገባት። «አዋላጅ ሆኜ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም እየሠራሁ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ልክ ልኩን ስትለው እኔ እንኳ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በክፍሉ ውስጥ ስጠይቃት ፈጣን ነበረች፤ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፣ ጥያቄዬ ሳያልቅ ገብቷታል። ታልፋለች ብዬ ለባለቤቴ አስቀድሜ ነገርኳት። ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ያልታየ ውጤት አትቀበልም። «እስቲ ይታያል» አለችኝ።

ፈተናውን ከጤና ጣቢያው ሆና ብቻዋን ወሰደች። ኔትዎርኩ ደካማ ስለሆነ ፈታኙ ምስሉን አጥፍተው በድምፅ ብቻ እንዲነጋገሩ አደረገ። ስትጨርስ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ደህና ነበር። «ሁሉንም መልሻለሁ» አለችኝ። እኔም በሙሉ ልቤ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ክፍል ውስጥ እያለን መጣች። ስልኳን ሰጠችኝ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል። «አመልካቿ ለበርካታ ጥያቄዎች መልስ አልሰጡም። ለመግባባት የሚያስችል የቋንቋ ችሎታ አላሳዩም።» ከታች፣ ከፈለገች ከአስር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መሞከር እንደምትችል ተጽፏል። ሦስተኛ የለም።

ቆሽቴ አረረ። የተቆጣሁት በማን እንደሆነ ዛሬ ሳስበው፣ በራሴ ነበር፤ ያኔ ግን አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት።

«ምላስሽ ተያዘ እንዴ? ሁለት ወር ሙሉ የለፋነው እዚያ ሄደሽ ዝም ልትይ ነው?»

«ዝም አላልኩም፣ መምህር።»

«መልስ አልሰጠችም ነው የሚለው ወረቀቱ!»

«ሁሉንም መልሼላቸዋለሁ።»

«ዝም አይነቅዝም ብለሽ ይሆናላ!» አልኳት። ያ ተረት ዝምታ እንደማይበላሽ እህል ነው ለማለት ነው፤ ለቀልድ የተናገርኩት መስሎኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ስልኳን ተቀበለችኝ፣ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። የቀረውን ሰዓት ስለ መስተዋድድ አስተማርኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንድታዝንልኝ ነበር። እሷ የተማሪ ፈተና እያረመች ቀና አላለችም።

«መለስኩ ነው የምትለው አይደል?»

«ነው የምትለው።»

«በዚህ ሁለት ወር ዋሽታህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያ እሷ መልሳለች፣ እነሱ አልሰሙም። በመሃሉ ያለውን ፈልግ፣ ኣንታ ሰብኣይ። እኔ ልጆቹ መልስ ሲስቱ ወረቀቱን አልቀድባቸውም፤ የት ጋ እንደሳቱ ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ።»

አንተ ሰውዬ ስትለኝ ነገሩ የምር ነው። በማግስቱ ጠዋት ለአዋላጇ ደወልኩላትና ነይ አልኳት። እንደማትመጣ ፈርቼ ነበር፤ መጣች። ፈተናውን ልክ እንደነበረው እንሠራዋለን አልኳት፤ አንቺ ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን ትቀመጫለሽ፣ እኔ ካፌው ሄጄ በስልክ እጠይቅሻለሁ፣ ፊትሽን አላይም፣ ፊቴን አታዪም።

«ሕራይ» አለች። እሺ ማለቷ ነው፤ ከዚያ በላይ አላወራችኝም።

ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ፣ በእንግሊዝኛዬ ላይ የፈረንጅ ቅላፄ ጨመርኩበት። «ደህና አድርገሽ ትሰሚኛለሽ?»

ምንም የለም።

«ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?»

ምንም። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ መስመሩ አልተቋረጠም። «ለረጅም ጊዜ ከነፍሰ ጡሮች ጋር ሠርተሻል?» አልኩ። ጭጭ። እውነትም ፍርሃት ምላሷን አስሮታል፣ ወረቀቱ ልክ ነበር አልኩ በልቤ። ስልኩን እንደያዝኩ ተነሥቼ፣ ከካፌው ጓሮ ወደ ክፍሌ በምታሳየው መስኮት ተመለከትኩ።

ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ድምፁ ተከፍቷል። ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል የለም። እንዳታየኝ በመስኮቱ ጥግ ቆሜ ጥያቄውን ደገምኩት። ቅንድቧ ብድግ አለ፤ ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተ፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ እየጠበቀች ስልኩን አየችው።

መልሳልኛለች። ሁሉንም እየመለሰችልኝ ነበር።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ምን እንዳየሁ ያውቃል። አማርኛም ተናገር ትግርኛ፣ «አዎ» ለማለት አፍ ማውጣት ግድ አይደለም፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድብን ከፍ፣ በቃ። ሰሚው ገብቶታል። ታላቅ ሲያወራ ታናሽ በየመሃሉ እንዲህ እያደረገ ነው እየሰማሁ ነው የሚለው። ክፍሌ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ ይደረጋል፤ መቶውንም ጊዜ እንደ መልስ ተቀብዬ አልፌዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዘ» ጎደለች፣ «ስ» ተዋጠች እያልኩ በሰው አፍ ላይ ስፈርድ፣ ከሁሉም በላይ የተደጋገመውን ነገር አንድ ቀን አላየሁትም። ያላየሁትም እኔ ራሴ ስለማደርገው ነው። ከካፌው ወጥቼ በክፍሉ በር ስገባ «ጨረስን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ትንፋሼን ሳብኩ።

ወዲያው ራሴን ያዝኩት። ሳቅ አፈነኝ፣ ቀጥሎም ሐፍረት።

«አዎ ያልሽኝ እንዴት አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«የስ ብዬ ነዋ።»

«አላልሽም።»

«ብያለሁ፣ መምህር!» አሁንማ እሷም ተቆጣች።

አስረዳኋት። አላመነችም። የፎቶኮፒ ቤቱን ልጅ ጠርቼ በስልክ ከውጭ እንድትጠይቃት አደረግሁ፤ ልጅቷ «መስመሩ ሞቷል» ብላ ተመለሰች። ማታውኑ ለመጣው ክፍል ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ወደ ሰሌዳው ዞሬ «ትናንት የሰጠኋችሁን ሠርታችኋል?» አልኩ። አስራ አራት ሰው መለሰ፤ የሰማሁት የማኪያቶውን ማሽን ብቻ ነው። አዋላጇ ከኋላ ሆና ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከደብዳቤው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ስህተት ማረም አውቃለሁ። በየቀኑ እየመጣች እጠይቃታለሁ፤ ትንፋሿን በሳበች ቁጥር ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ቋ አደርጋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ተወችው። ከእሱ ጋር ግን ሌላውም ሁሉ ሄደ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንፋሿን አምቃ ትቀመጣለች፣ «የስ!» ብላ እንደ ወታደር ትጮኻለች፣ ከዚያ የምትለው ይጠፋታል። «ፊፍቲን ማዘር» ተመልሶ መጣ። ያ የምኮራበት ግስ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ቋ ሳደርግ እስክሪብቶዬን በእጇ ሸፈነችው። ተማሪ እንዲህ ሲያደርገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ላይ 'የስ' ብዬ ስጮህ የተሳደብኩ ነው የሚመስለኝ። አባቴ ሲያወራኝ አዎ፣ አዎ እያልኩ አፌን አልከፍትም ነበር፤ ቶሎ ጨርስልኝ ማለት ይሆናል። ሥራዬ ላይም እንደዚሁ ነው። ምጥ የያዛት እናት ምኗን ታወራለች? 'ገፋ እያደረገሽ ነው?' እላታለሁ፣ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች፣ ገብቶኛል። እኔም ስትጠይቀኝ እንደዚያው እመልስላታለሁ። ይሄ ስህተት አይደለም።»

«ለእኛ አይደለም» አልኳት። «ለስልክ ግን ስህተት ነው።»

«እወ» አለች፤ አዎን በአፏ፣ በትግርኛ። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች። «ቋ ማድረጉን ይተዉልኝ። ጥያቄውን ብቻ ይጠይቁኝ።»

ተውኩ። እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆርጬ ነው የተውኩት። በቀሩት ቀናት አንድ ነገር ብቻ ሠራሁላት፤ መጀመሪያ ላይ የምትለውን ራስን ማስተዋወቂያ ጻፍኩላት። ስምንት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ሁሉም የተወለወለ፣ «ዘ»ዎቹ ሁሉ በቦታቸው። በቃሏ ያዘችው። ይህን ካለች በኋላ ቢያንስ መልካም ጅምር ይኖራታል አልኩ።

ፈተናው ዓርብ ረፋድ ላይ ነበር። የፎቶኮፒ ቤቱ ኢንተርኔት ከጤና ጣቢያው ስለሚሻል ከክፍሌ እንድትፈተን ተስማማን። የካፌውን ባለቤት ለአርባ ደቂቃ የማኪያቶ ማሽኑን እንድታጠፋልኝ ለመንኳት። «ለማን ነው?» አለች፤ ነገርኳት። ሁለተኛ ልጇ ዓይናለም ያለው ጤና ጣቢያ፣ በዚያችው አዋላጅ እጅ እንደተወለደ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ማሽኑን አጠፋች፣ ማኪያቶ ያለ ደንበኛ ሁሉ ሻይ እንዲጠጣ ተፈረደበት። አዋላጇ እኔም እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ፤ ከኋላ ጥግ ላይ፣ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ ሳልይዝ። እስክሪብቶውን የወሰደችብኝ እሷ ናት።

ጥሪው መጣ። ምስሉ ወዲያው ተንቀረፈፈ፤ እንደ ባለፈው አጠፉት። የዚህኛዋ ፈታኝ የሴት ድምፅ ነው፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ትመስላለች። ሰላምታ ሰጠችና፣ «ደህና አድርገሽ ትሰሚኛለሽ?» አለች።

አዋላጇ ቅንድቧን አነሣች፣ ትንፋሿን ሳበች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በቃ፣ አለቀ። ከስልኩ ውስጥ «ሄሎ?» የሚል መጣ። እንደገና «ሄሎ? አለሽ?»

ዓይኔን ስገልጥ አዋላጇ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላለች። አንዲት ቃል የማትናገር መስሎኝ ነበር፤ ተናገረች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። ያለችውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን መልሼልዎት ነበር። እኛ አገር ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ስልክ አይሰማውም። ባለፈው ጊዜም እንደዚህ ነው የመለስኩት፣ የዚያን ቀኑ ፈታኝ አልሰሙኝም። ዛሬ በአፌ ለማለት እሞክራለሁ። ከረሳሁ ግን ዝም ያልኩ አይምሰልዎት፤ እየሰማሁዎት ነው።»

ከጻፍኩላት ስምንት ዓረፍተ ነገር አንዱም የለበትም። ሁለት ቦታ «ዘ» ጎድሏል፣ አንድ ቦታ ያለፈውን ጊዜ በአሁኑ ተናግራዋለች። በዚያ ቋንቋ ሰው ይህን ያህል ጥርት ብሎ ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከወዲያ ማዶ ሴትዮዋ፣ «እስቲ አሰሚኝ» አለች። አዋላጇ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ትንፋሿን ሳበች። ሴትዮዋ ራሷ ሞከረችው መሰለኝ፤ ሳል ያዛት፣ ከዚያ ሳቀች። «ይኸው አወቅኩት፣ እንቀጥል» አለች።

ቀጠሉ። ስለ ደም ግፊት ጠየቀቻት፣ ስለ መንታ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ፣ ከሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚርቁ። አዋላጇ ሥራዋን እያወራች መሆኗ ከጀርባዋ አቀማመጥ እንኳ ያስታውቃል። አንድ ጊዜ «ፊፍቲን ማዘር» አለች፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ፣ ሴትዮዋ አስራ አምስት እናቶች መሆናቸው ገብቷት አለፈች። ሁለት ጊዜ ትንፋሿን ሳበች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሴትዮዋ «ገባኝ» አለቻት።

መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላ ጠየቀቻት። «ማሽኑን እያየሽ ለአንዲት እናት የምታዪውን ታስረጃታለሽ። እናቲቱ ዝም ብትል፣ እንደገባት በምን ታውቂያለሽ?»

አዋላጇ አልቸኮለችም።

«ፊቷን አያለሁ» አለች። «ፊቷን ማየት ካልቻልኩ ጥያቄውን ቀይሬ እንደገና እጠይቃታለሁ። ካርዷ ላይ ግን መልስ አልሰጠችም ብዬ አልጽፍም።»

ከስልኩ ውስጥ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲመታ ተሰማ፤ ረጅም ጊዜ ጻፈች። እኔ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። የካፌዋ ባለቤት አይታኝ ፈተናውን የወደቀች መሰላትና ደረቷን ያዘች፤ እያለቀስኩ ነበርና። እጄን እያወዛወዝኩ አይደለም፣ አይደለም አልኳት።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ተቀብለዋታል። ደብዳቤውን ልታሳየኝ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ገባች። አነበብኩት። ያን ቀን የሰደብኳት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን ነበረበት፤ ተነሥቼ ቆምኩ። መልሻለሁ ስትይኝ ወረቀቱን አምኜ አንቺን አላመንኩም፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ደብተሯን አወጣች፣ የተለመደ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«እንግሊዝኛዎ በጣም ጥሩ ነው፣ መምህር» አለችኝ። «ጆሮዎ ነው ትንሽ የሚቀረው።»